ባለ 10 እጥፍ የኪስ አጉሊ መነጽር፦ ራዱላ ላይ ተፈትኖ

ጥቃቅን ተክል ማየት የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱን አጉሊ መነጽር ልግዛ?" ብሎ ነው። የኔ መልስ አጭር ነው። ባለ 10 እጥፉን፣ ሦስት መስታወት ተጣብቆ የተሠራውን፣ መብራት የሌለውን። ምክንያቴን በአንድ ተክል ላሳያችሁ።

ራዱላ ኮምፕላናታ ይባላል። የሞስ (እርጥብ ድንጋይና ግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለው፣ አበባ የሌለው ትንሽ ተክል) ዘመድ ነው፤ ሊቨርወርት ከሚባሉት፣ ቅጠል ካላቸው ወገን። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ልጣጩ ለስላሳ የሆነ ዛፍ ላይ ተለጥፎ ነው፤ አንዳንዴ ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይም ይበቅላል። ዛፉን አይጎዳም፣ መቆሚያ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቅርንጫፉ ከነቅጠሉ ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በባዶ ዓይን ሲታይ ግንዱ ላይ ቢጫ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ ነው የሚመስለው። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

መነጽሩን ዓይናችሁ አጠገብ ያዙና ወደ ግንዱ ተጠጉ። 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስትደርሱ ሁሉም ነገር ጥርት ይላል። ክብ ክብ ቅጠሎች በሁለት ረድፍ ተደራርበው ታያላችሁ። ብዙ ሞሶች ቅጠላቸው መሐል ላይ ያለው ጅማት እዚህ የለም። አንዷን ቅርንጫፍ በመርፌ ጫፍ ገልብጧት፤ ከእያንዳንዱ ቅጠል ሥር ወደ ውስጥ የታጠፈ አራት ማዕዘን የሚመስል ትንሽ ክፋይ አለ፣ ተክሉ ግንዱን የሚይዝባቸው ቀጫጭን ክሮችም የሚወጡት ከሱ ነው። እዚያው ዛፍ ላይ ጎረቤቱ የሚሆነው ፍሩላኒያ የተባለው ሌላ ሊቨርወርት ግን ክፋዩ የራስ ቁር ቅርጽ አለው፣ ከሥሩም ሦስተኛ ረድፍ ቅጠል ይጨምራል። ይህን ሁሉ ለመለየት 10 እጥፍ በቂ ነው።

እኔን በጣም የማረከኝ ግን የቅጠሉ ጠርዝ ነው። አንዳንዱ ቅጠል ጠርዙ የተበላ ይመስላል፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ዓይነት። ዱቄቱ ጄማ ነው። ጠፍጣፋ፣ ጥቂት ሴሎች ያሉት ቁራጭ ሲሆን፣ ተላቆ ሌላ ቦታ ከያዘ ያለ ዘር፣ ያለ ወንድና ሴት፣ ራሱን የቻለ አዲስ ተክል ይሆናል። በሌላ በኩል ወንዴውም ሴቴውም እዚያው አንድ ተክል ላይ አሉ። የወንዴው ሴል ግን በውኃ ውስጥ ዋኝቶ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ እርጥበት ግድ ነው። ከተሳካ፣ አፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሚመስል ጠፍጣፋ ከረጢት ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ አገዳ ይወጣል። ጫፉ ላይ ያለው ቋት አራት ቦታ ተሰንጥቆ ስፖሩን፣ ማለትም እንደ ዘር የሚያገለግለውን ደቃቅ ብናኝ፣ ይበትናል። አገዳው ቶሎ ይጠወልጋል፤ መነጽሩ ኪስ ውስጥ ካልሆነ ያመልጣችኋል።

ባለ 20 እጥፉን አልመክርም። 1.25 ሴንቲ ሜትር ድረስ መጠጋት አለባችሁ፣ ግንባራችሁ ብርሃኑን ይጋርደዋል፣ የሚታየውም ቦታ ከመጥበቡ የተነሳ የቱ ቅርንጫፍ ላይ እንዳላችሁ ይጠፋችኋል። መብራት ያለው ደግሞ እርጥብ ቅጠል ላይ ያብረቀርቃል። አንድ መስታወት ብቻ ያለው ርካሹ ጠርዙ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ስለሚያመጣ ጄማውን ከጥላው ለመለየት ያስቸግራል።

እንከን የለውም አልልም። የማጠፊያው ብሎን ይላላል፣ ቶሎ ቶሎ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ክር ካላሰራችሁለትም ሣር ውስጥ ወድቆ ይቀራል። ደግሞ ሴል አያሳይም። የራዱላ ሴል ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ቡናማ የዘይት እንክብሎች ማየት የፈለገ ማይክሮስኮፕ ያስፈልገዋል፣ ያውም ተክሉ ሳይደርቅ፣ ምክንያቱም ሲደርቅ እንክብሎቹ ይጠፋሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ሞክሩት። ዳር ያሉት ፊደሎች ከጎበጡ ወይም ቀለም ካወጡ ተዉት፣ ሌላ ይምጣላችሁ።