ቆሮሶ የምታረቡ ወሎዬዎች፣ «የዓሣ ማዕድን» የሚባለውን ነጭ ዱቄት እንዳትገዙ

በተሁለደሬ፣ በወረባቦና በቃሉ ኩሬ አስቆፍራችሁ ቆሮሶ ዓሣ (ቲላፒያ) የምታረቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ለመኖ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። «የዓሣ ማዕድን» ተብሎ በ25 ኪሎ ከረጢት የሚሸጥ ነጭ ዱቄት በገበያው እየዞረ ነው። እኔ ሁለት ከረጢት ገዝቼ ስድስት ወር መገብኩ። የተሸጠልኝ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነበር።

ኩሬዬ 150 ካሬ ሜትር ናት፤ 300 የዓሣ ጫጩት ለቅቄባታለሁ። መኖዬ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ ነው። ሻጩ «ይህን ካልጨመርክበት አጥንታቸው አይጠነክርም» አለኝ፤ አመንኩት። ሐሳቤ ዓሣ በሚፈለግበት በዐቢይ ጾም አድርሼ መሸጥ ነበር። በመረብ ሳወጣቸው ግን ብዙዎቹ ከመዳፌ አይበልጡም። አንዱን አንስቼ ወደ ብርሃን ሳዞረው ዓይኑን የአዛውንት ዓይን ላይ እንደምናየው ያለ ሞራ ጋርዶታል፤ የጭራው ጫፍም ተበልቷል። ሌላው ጀርባው ጎብጧል። ሆዱን ስከፍተው ሥጋ ያልያዘው ዓሣ አንጀቱ በስብ ተሸፍኗል። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኖራ ድንጋይ የሚሰጠው ካልሲየም ነው፤ ዓሣ ግን ካልሲየም ብዙም አይቸግረውም፤ ከሚኖርበት ውሃ በስንጥቡ ይስባል። ከውሃው የሚበቃውን ያህል የማያገኘው ፎስፈረስን ነው። ለቆሮሶ በ100 ኪሎ መኖ ውስጥ ሰውነቱ ሊጠቀምበት የሚችል ከ400 እስከ 500 ግራም ፎስፈረስ ያስፈልጋል። ፋጉሎና ፉርሽካ ፎስፈረስ አላቸው፤ ነገር ግን አብዛኛው ፋይቴት በሚባል ውህድ ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ነው። ዓሣ ያን እስር የሚፈታበት ኢንዛይም ስለሌለው እንደገባ ያስወጣዋል። ፋይቴት ዚንክንም ያስራል፤ ካልሲየም ሲበዛበት ደግሞ እስሩ ይጠብቃል። ዚንክ ያጣ ዓሣ ዓይኑ ይጋረዳል፣ ክንፉ ይበላል፣ እድገቱ ይቀጭጫል። ስለዚህ ያ ዱቄት ሳይጠቅም የቀረ ብቻ አይደለም። በገንዘቤ ጉዳት ገዝቼ ነው ያበላኋቸው!

ያጋለጠው ሎሚ ነው። ሊያይልኝ የመጣ ባለሙያ አንድ ማንኪያ ዱቄት ሳህን ላይ አፍስሶ ሎሚ ጨመቀበት፤ አረፋ ደፍቆ ፈላ። ዳይካልሲየም ፎስፌት የሚባለው እውነተኛው የፎስፈረስ ምንጭም ነጭ ዱቄት ነው፤ ሎሚ ሲነካው ግን እንዲህ አይፈላም። በደህና ቅይጥ ውስጥም ጥቂት ኖራ ሊገባ ስለሚችል ትንሽ አረፋ ስታዩ ወዲያው አትፍረዱ። ማንኪያው ሙሉ እየፈላ ካለቀ ግን የያዛችሁት ኖራ ነው።

ከረጢቱንም አገላብጣችሁ እዩ። በእኔው ላይ የነበረው የዓሣ ሥዕልና «ለፈጣን እድገት» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። የደህናው በአንድ ኪሎ ምን ያህል ፎስፈረስ፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ መዳብ፣ አዮዲንና ሴሊኒየም እንዳለበት፣ መቼ እንደተመረተና መቼ እንደሚበላሽ ይናገራል። «የእንቁላል ዶሮ ማዕድን ነው፣ ለዓሣም ይሆናል» የሚላችሁንም አትስሙ፤ ያ ለእንቁላል ቅርፊት ሲባል ካልሲየም የበዛበት ነው።

ተመልሼ ሄጄ ስጠይቀው ሻጩ «ውሃህ ነው የተበላሸው» አለኝ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበርና አፌን ይዤ ተመለስኩ። እናንተ ደረሰኝ ሳትይዙ፣ ከዱቄቱም አንድ ኩባያ በጠርሙስ ሳታስቀሩ ኩሬ ውስጥ አትበትኑ። የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሎሚ ጨምቁበት፤ ከፈላ መመገቡን አቁሙና ናሙናውን ይዛችሁ ወደ ወረዳችሁ የዓሣ ባለሙያ ሂዱ። የእኔን ናሙና ሰኞ አስረክቤያለሁ።