ለኦሌሱንዷ መኪና አከራይ፣ ከነአባባ ምስጋና ጋር

ሰላም ወገኖች። ይህን ጽሁፍ ከወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ፤ ሥራና እንግዳ ይዞኝ ዘገየሁ። ከሀምቡርግ ወይም ከኪል ተነስታችሁ በመርከብ ወደ ኖርዌይ ፊዮርዶች (በገደሎች መሀል ወደ ምድር የገባ ጠባብ ባሕር ነው) ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በተለይ ወላጆቻችሁን ከአገር ቤት አስመጥታችሁ አንድ ነገር እናሳያቸው የምትሉ፣ ይጠቅማችኋልና አንብቡት። የማመሰግናት ሴት አማርኛ አታነብም። ቢሆንም አባባ "በአደባባይ ካላመሰገንካት ምን ዋጋ አለው" ብለው ስለያዙኝ ይኸው።

አምስት ሆነን ነው የሄድነው፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ልጃችን፣ እንዲሁም ከጎንደር ሊጠይቁን የመጡት አባቴና እናቴ። መርከባችን በሐምሌ ወር ውስጥ በአንዱ እሑድ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ጠዋት 8፡00፣ ኖርዌይ ውስጥ ኦሌሱንድ ወደብ ቆመ። በ17፡30 ሁሉም ሰው ተመልሶ መገኘት አለበት፤ በ18፡00 ይንቀሳቀሳል። ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) የሄደ ሰው ይህን ያውቃል፦ መርከቡ ራሱ በሚሸጠው ጉብኝት የወጣ ሰው ቢዘገይ ይጠበቃል፤ በራሱ የወጣ ግን የራሱ ጉዳይ ነው። ዕቃህ ካቢን ውስጥ እንዳለ መርከቡ ሲርቅ ቆመህ ታየዋለህ።

ይህን እያወቅን በራሳችን የወጣንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ዋጋ ነው፤ የመርከቡ ጉብኝት ለአምስት ሰው ሲባዛ ያስደነግጣል። ሁለተኛው አባባ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በጎንደር ሽሬ መስመር። አውቶቡስ ውስጥ አስቀምጬ ተራራ በመስኮት ላሳያቸው ስል "የሰው መሪ እያየሁ ልቀመጥ?" አሉኝ። የእኔን መሪ ማየት የተለየ መሰላቸው መሰለኝ።

እንግዲህ ከሁለት ወር በፊት በኢንተርኔት መኪና ይዤ፣ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ወረቀቱ "ኦሌሱንድ" ይላል። ከመርከብ ወርደን ስደውል መኪናው ያለው አውሮፕላን ማረፊያው ነው ተባልኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ከተማው ውስጥ አይደለም፤ ቪግራ የሚባል ደሴት ላይ ነው፣ ከባሕር ሥር በሚያልፉ ዋሻዎች ነው የሚኬደው። ለአምስት ሰው ታክሲ ይዘን እዚያ ሄደን፣ ወረፋ ይዘን፣ ተመልሰን፣ ማታ ደግሞ መኪናውን እዚያው አድርሰን በታክሲ ልንመለስ ነው። ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ገንዘቡ አይመለስም አሉኝ፤ የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ክርክሩ ገና አላለቀም። እናንተ ግን የምትረከቡበትን አድራሻ እስከ መንገዱ ስም ድረስ አንብቡ። እሑድ ከሆነ ደግሞ መሀል ከተማ ያሉት ቢሮዎች ዝግ ሊሆኑ እንደሚችሉ አትርሱ።

ባለቤቴ ግድግዳ ተደግፋ በስልኳ ስትፈልግ፣ እኔ ለእማማ ስለ ከተማዋ ማውራት ጀመርኩ፣ ንዴቴን ለመደበቅ። ኦሌሱንድ እ.ኤ.አ. በ1904 ጥር ወር በአንድ ሌሊት የተቃጠለች ከተማ ናት፤ ወደ 10,000 ሰው ቤት አልባ ሆነ። የጀርመኑ ንጉሥ ዳግማዊ ዊልሄልም እርዳታ በመርከብ ላከላቸው፤ ቤቶቹም በዘመኑ ፋሽን፣ ሾጣጣ ጣሪያና የአበባ ቅርጽ እየተደረገላቸው በድንጋይና በጡብ ተሠሩ። እማማ ጣሪያዎቹን አየት አድርገው "ደግ ንጉሥ ነበር በለኛ" አሉ። የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ለማንሳት ጊዜው አልነበረም።

ባለቤቴ ያገኘቻት ሴት እዚህ ነው የመጣችው። አምስት መኪና ብቻ ያላት፣ ከባሏ ጋር የምትሠራ አከራይ ናት። በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ካርድ ወይም ስለ ቀናት አልነበረም፤ "መርከባችሁ በስንት ሰዓት ነው የሚሄደው?" አለች። ቀጥላ "ልጁ ቁመቱ ስንት ነው?" አለች። በ40 ደቂቃ ውስጥ መኪናውን ራሷ እየነዳች ወደቡ በር ላይ ደረሰች፤ የልጁ መቀመጫ ከኋላ ታስሯል። እውነቱን ለመናገር መኪናው ትንሽ ውሻ ውሻ ይሸት ነበር፤ እማማ ቀኑን ሙሉ መስኮት አስከፍተውናል። ሌላ የምነቅፈው የለኝም።

ውል ከመፈረማችን በፊት ስልኳን አውጥታ መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ ቀዳች፤ አራቱንም ቸርኬ፣ ሁለቱንም ስፖኪዮ፣ የፊትና የኋላ ፓራውልት። "አንተም ቅዳ" አለችኝ። ለመያዣ የሚሆነው በሾፌሩ ስም ያለ ክሬዲት ካርድ ነው፤ ተራውን የጀርመን የባንክ ካርድ ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ችግር ነው።

መኪናው የኤሌክትሪክ ነው። ኖርዌይ ውስጥ አሁን አዲስ ከሚሸጠው መኪና አብዛኛው እንደዚያ ነው። "ቁልቁለት ነድተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። ሀምቡርግ ተራራ የላትም፤ እኔ በ12 ዓመት የጀርመን ኑሮ ቁልቁለት የማውቀው የፓርኪንግ ቤት ውስጡን ብቻ ነው። ጥያቄዋን ለአባባ ስተረጉምላቸው ሳቁ። "ሊማሊሞን 22 ዓመት ወጥቼ ወርጃለሁ በላት" አሉኝ። አልኳት። ሊማሊሞ ምን እንደሆነ ስላላወቀች እዚያው በስልኳ ፈለገች። ጣሊያን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ያ መንገድ ሲጠማዘዝ ፎቶውን አይታ አባባን ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ የፊተኛውን በር ከፈተችላቸው። "እርስዎ እዚህ ይቀመጡ። እሱ መሪውን ይያዝ፣ እርስዎ ሰዓቱን።" መንዳት እንደማይችሉም እዚያው በግልጽ ነገረቻቸው፤ ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው ውሉ ላይ የተጻፈውን ሰው ብቻ ነው።

ቀጥላ በወረቀት ላይ ሰዓቶችን ጻፈችላቸው፤ የጻፈችው ግን ከመጨረሻው ጀምራ ነው። 17፡30 መርከብ። 17፡00 ቁልፍ ለእሷ። 15፡30 ሊንጌ፣ ማለትም ከፌሪ (መኪና ከሚያሻግረው ጀልባ) የምንወርድበት። 14፡00 ከጌይራንገር (ልናያት ካሰብናት የፊዮርድ ዳር መንደር) መነሳት፣ "የትም ብትሆኑ፣ ምንም እያያችሁ ቢሆን።" ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከኦሌሱንድ ጌይራንገር ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ግን መሀሉ ላይ ከሊንጌ ወደ አይድስዳል የሚያሻግር የመኪና ፌሪ አለ። መሻገሩ አሥር ደቂቃ ነው፤ ወረፋው ግን የፈጣሪ ነው። ስለዚህ ከሚበቃችሁ ፌሪ ሁለት ቀድማችሁ ድረሱ አለችን። አንዱ ሞልቶ ቢሄድ፣ ሁለተኛውም ቢሞላ፣ ሦስተኛው አሁንም ያደርሳችኋል።

አባባ ወረቀቱን ተቀብለው እስክሪብቶ ጠየቁ። ሰዓታቸው ከጎንደር እንደመጣ ነው፤ አላስተካከሉትም፣ አያስተካክሉትምም። ከ14፡00 ጎን 9፡00፣ ከ15፡30 ጎን 10፡30 እያሉ በእኛ አቆጣጠር ጻፉበት። አከራይዋ ልጅ ጎንበስ ብላ አየችና "ተሳስተዋል" ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

መንገዱን ብዙ አላወራውም፤ ፎቶዎቹን ለጥፌአለሁ። እስከ ሾሆልት በባሕር ዳር ሄደን፣ ተራራውን ተሻግረን በስቶርዳል ወረድን። ከከተማ ውጭ ወሰኑ 80 ነው፣ መንደር ውስጥ 50፤ ቅጣታቸው ይቆነጥጣል። መብራት ቀንም ይበራል። መንገዱ ሲጠብ ሰማያዊ ላይ ኤም ፊደል ያለበት ምልክት ታያላችሁ፤ መተላለፊያ ቦታ ነው፣ መኪና ማቆሚያ አይደለም። ፌሪው ላይ ስቬለ የሚሉትን ወፈር ያለ ቂጣ በቅቤና በስኳር አጥፈው ይሸጣሉ፤ እማማ ቀምሰው "ስኳር የበዛበት እንጎቻ" ብለው ሁለት አስደገሙ።

ከአይድስዳል በኋላ ያለውን ግን ላውራ። መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ይወጣና በአንዴ ፊዮርዱ ላይ ያወርዳችኋል። የንስር መንገድ ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ነው የተከፈተው፣ 11 እጥፋት አለው። ጫፉ ላይ ማየት የሚቻልበት ቦታ አለ፤ ከታች አረንጓዴ ውሃ፣ ማዶ ሰባቱ እህትማማቾች የሚባለው ፏፏቴ። እገደሉ ወገብ ላይ ሰው የተዋቸው የድሮ እርሻ ቤቶች አሉ፤ በአንደኛው ቤት ቀረጥ ሰብሳቢ ሲመጣ መሰላሉን ወደ ላይ ይስቡት ነበር ይባላል። ልጄ ይህን ወደደው፤ አባባ የበለጠ ወደዱት።

መውረድ ስንጀምር አባባ በልማድ "ማርሽ ያዝ፣ ፍሬን አትመን" አሉ። ማርሽ የለውማ! ሊማሊሞ ላይ በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ፍሬኑ ግሎ፣ ሽታው ቀድሞት፣ መጨረሻው ገደል ነው፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ታዲያ ልጅቷ ወደቡ በር ላይ አሥር ደቂቃ የፈጀችው ለዚህ ነበር። በማርሽ ቦታ ያለውን መምረጫ ወደ ቢ (B) ካወረድከው እግርህን ከመስጫው ባነሳህ ቁጥር ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ የያዘውንም ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። አደረግኩት። መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እንደሚወርድ ከባድ መኪና ተጎተተ። አባባ ዝም ብለው ሦስት እጥፋት አዩ። ከዚያ "እንግዲያ ማርሹ ውስጡ አለ" አሉና ጨብጠውት የነበረውን የመኪናውን እጀታ ለቀቁት። ስንጀምር ባትሪው 61 በመቶ ነበር፤ ታች ስንደርስ 64። "ቁልቁለት ነዳጅ ሲመልስ ዛሬ አየሁ" ብለው ቀኑን ሙሉ ደጋገሙት። ከ2024 ወዲህ እኛም አገር የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም ስለተባለ፣ የጎረቤት ልጅ የገዛውን የቻይና መኪና ሲያሙ ከርመው ነበር፤ ሐሜቱ እዚያ ላይ ቆመ።

አምስተኛው እጥፋት ላይ አስጎብኚ አውቶቡስ ከታች መጣብን። ይህንንም ነግራን ነበር፦ ከእጥፋቱ በፊት ቁሙ፣ መታጠፊያውን ሙሉውን ለእሱ ተዉለት። ቆምኩ። አውቶቡሱ አፍንጫውን የእኛ መስመር ላይ አውጥቶ ዞሮ አለፈ፤ ሾፌሩ ለአባባ እጁን አነሳ፣ እሳቸውም እንደ ባልደረባ አነሱለት።

ጌይራንገር እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቦታ ነው፤ በአውሮፓ ክረምት ከጥቂት መቶ የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት መንደር በጋ ላይ በመርከብ ሰው ትጨናነቃለች። ሁለት ሰዓት ቆየን። ቫልዳል የሚባል ቦታ የታወቀ እንጆሪ አለ ብትለንም አልደረስንበትም። ልክ 9 ሰዓት፣ ማለትም 14፡00፣ አባባ ወረቀቱን አውጥተው ቆሙ። ልጄ አይስክሬሙን መኪና ውስጥ ጨረሰ።

አይድስዳል ስንደርስ ወረፋው ከመስመሮቹ አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል። የመጀመሪያው ፌሪ ሁለት መኪና ሲቀረን በሩን ዘጋ። ያኔ ነው ልቤ የመታው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ውሃው ብረቱን ሲመታ ብቻ እየተሰማ፣ ስልኬ ነዘረ፤ ከእሷ ነው። "የት ደረሳችሁ?" ነገርኳት። "የሚቀጥለው የእናንተ ነው። ከሊንጌ በኋላ አትፍጠን፣ ጊዜ አላችሁ።" አባባ ወረቀቱን እያዩ "አስልታዋለች እኮ" አሉ። ሁለተኛው ፌሪ ላይ ከፊተኞቹ ሆነን ገባን፤ ወደብ የደረስነው 16፡50 ነው።

ስታስረክበኝ የቀዳችው ቪዲዮ ስመልስም አዳነኝ። የቀኝ የኋላ ቸርኬ ላይ የጣት ርዝመት ጭረት አየሁ፤ ድንጋይ ያስነካሁ መስሎኝ ራሴ አሳየኋት። የጠዋቱን ቪዲዮ ከፍታ አቆመችውና "ከእናንተ በፊት የነበረ ነው" አለች። መያዣውን እዚያው ለቀቀችልኝ። የፌሪውና የመንገድ ክፍያው ካሜራ ታርጋ እያነበበ ለባለመኪናው ስለሚላክ፣ ሲደርሰኝ እንዳለ እልክልሃለሁ አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ላከችው፤ ፌሪ ደርሶ መልስና የመንገድ ክፍያ፣ ከነደረሰኙ፣ የራሷን አምስት ሳንቲም ሳትጨምር። አባባ ከጎንደር ይደውላሉ፤ ከሰላምታ ቀጥሎ "የዚያች ልጅ ሂሳብ መጣ?" ነበር ጥያቄያቸው። ከፍያለሁ ስላቸው "ወረቀቷ እኔ ጋ ናት" አሉ፤ አሮጌው መንጃ ፈቃዳቸው ውስጥ አጥፈው ይዘዋት ሄደዋል።

ስሟንና ስልኳን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስትደውሉላት የመርከባችሁን ሰዓት ይዛችሁ ደውሉ። በጋ ላይ ቶሎ ይያዝባታል፤ ያሏት አምስት መኪና ናቸው፣ አንደኛው ደግሞ የውሻው ነው።