የሳይክላችሁን ሞዞ «እናስጮኽላችሁ» ለሚሏችሁ ገንዘብ አትክፈሉ

በደሴና በኮምቦልቻ ማውንቴን ሳይክል የምትነዱ፣ ለልጆቻችሁም የገዛችሁ ሁሉ፣ ሳይክላችሁን ለሠራተኛ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እለምናለሁ። የኋላውን ሞዞ (ጎማው የሚዞርበትን የመሃል ክፍል፣ መርገጥ ስናቆም «ተርርር» የሚለውን) ድምፅ ከፍ አደርግልሃለሁ ብሎ 1,200 ብር የተቀበለኝ አንድ ሳይክል ሠሪ የጨመረልኝ አንዳች ነገር አልነበረም፤ ይልቁንም ውስጡ የነበረውን ግራሶ አጥቦ አወጣብኝ።

ድምፁን መፈለግ ነውር አይደለም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ሐረጎን ቁልቁል ስንወርድ በግና ፍየል የሚነዱ ልጆች፣ አህያ ጭነው ገበያ የሚሄዱ እናቶች መንገዱን ይጋሩናል፤ ድምፅ የሌለው ሳይክል ድንገት ከጀርባቸው ሲደርስ ክፉኛ ይደነግጣሉ። እኔም ያሠራሁት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሰውዬው ሞዞውን ፈትቶ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ቤንዚን ቀዳ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጎ አጠበው፣ ትናንሾቹን ሞላዎች «እንዲጠነክሩ» በፒንሳ ለጠጣቸውና ደረቁን መልሶ ገጠመው። ጎማውን በእጁ ሲያሽከረክረው ሱቁን የሚሞላ ድምፅ ወጣ፤ እኔም ተደስቼ ከፈልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔዳል ስንረግጥ በሞዞው ውስጥ ያሉ፣ በሞላ እየተገፉ እንደ ምላስ ብቅ የሚሉ ትናንሽ ብረቶች በዙሪያቸው ካለው ባለ ጥርስ ቀለበት ጋር ተነካክሰው ጎማውን ያዞራሉ፤ መርገጥ ስናቆም ግን ጎማው መዞሩን ስለሚቀጥል ምላሶቹ ጥርሶቹን እየዘለሉ ያልፋሉ፤ የምንሰማው «ተርርር» ይኸው ነው። ግራሶው ምቱን ስለሚያለዝበው ሲወጣ ድምፁ በእርግጥ ይጨምራል፤ ማታለያውም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያው ግራሶ ብረት ብረትን እንዳይበላና ውሃ እንዳይዘልቅ የሚጠብቅ ነውና። ባለ 26 ኢንች ጎማ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲወርድ በሰከንድ 4 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ቀለበቱ 36 ጥርስ ካለው እያንዳንዱ ምላስ በየሰከንዱ ከ140 ጊዜ በላይ ይመታል ማለት ነው። ከደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ሲወረድ ይህ ሁሉ ምት በደረቅ ብረት ላይ ያርፋል። ከፋብሪካቸው የሚጮኹ ሞዞዎች የሚጮኹት በጥርሳቸው ብዛት፣ በምላሶቻቸውና በሞላቸው አሠራር ነው፤ ለምሳሌ ዲቲ ስዊስ የተባለው የስዊዘርላንድ አምራች ባለ18፣ ባለ36 እና ባለ54 ጥርስ ቀለበቶችን ለያይቶ ይሠራል። ጥርስ ደግሞ በቤንዚን ታጥቦ አይበዛም።

ክረምቱ ገባና ዝናቡ የቀረውን ጨረሰ። ወደ ደሴ ዳገቱን እየወጣሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በሙሉ ክብደቴ ስረግጥ፣ ፔዳሉ ባዶውን ወርዶ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ፤ ከኋላዬ ይመጣ የነበረው የጭነት መኪና ፍሬን ባይዝ ኖሮ ዛሬ ይህን ባልጻፍኩ ነበር። ሌላ ሠራተኛ ዘንድ ሲከፈት ከሦስቱ ምላሶች የአንዱ ሞላ ተሰብሯል፣ ሌላው በዝገት ተጣብቋል፣ ክብደቴን ሁሉ የተሸከመው ሦስተኛው ብቻ ነበር፤ ጫፉም ተበልቶ እንደ ምስር ክክ ክብ ሆኗል። ኩሽኔታው ውስጥ ቡና የመሰለ የዝገት ዱቄት ነበረ። የመጀመሪያው ሰው ዘንድ ተመልሼ ስጠይቅ «ጩኸት የፈለግኸው አንተ ነህ» አለኝ። እኔ ግን የጠየቅሁት ድምፅ ነበር፤ ግራሶ እንደሚወጣና ሞላ እንደሚለጠጥ ማንም አልነገረኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ደረሰኝ ሳልቀበል በመሄዴ ግን መከራከሪያ አጣሁ።

ድምፁ ትንሽ ከፍ እንዲል የሚፈልግ ሰው ወፍራሙን ግራሶ ከምላሶቹ ላይ ብቻ አስጠርጎ በምትኩ ቀጭን ዘይት ጠብታ ያስደርግ፤ የኩሽኔታው ግራሶ አይነካ፣ ሞላም አይለጠጥ። ሥራው በፊታችሁ ይከፈት፣ ምን ወጥቶ ምን እንደሚገባ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለመንገደኛ ማስጠንቀቂያ ከሆነ መሪው ላይ የሚታሰር ደወል ይበቃል፤ እኔም አሁን የምጠቀመው እሱን ነው።

አስቀድማችሁ ያሠራችሁ ካላችሁ፣ የኋላውን ፍሬን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ፔዳሉን ደጋግማችሁ በኃይል ተጫኑት፤ አንዴም ቢሆን ካመለጠ ወይም «ቋ» ካለ ሞዞው እስኪከፈት ድረስ ዳገት ላይ ከመቀመጫችሁ ተነሥታችሁ አትርገጡ።