የመጀመሪያ ቤት ለመግዛት፦ ሂዩስተን፣ ሌላው ቴክሳስ ወይስ ኦሪገን?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞች በዞኒንግ (በየሰፈሩ ምን መሥራት እንደሚቻል በሚወስነው) ደንባቸው ከተወሰነ ስፋት በታች በሆነ ቦታ ላይ ቤት መሥራት ይከለክላሉ። ሰፊ መሬት ውድ ነው። ውድ መሬት ላይ ትንሽ ቤት ሠርቶ መሸጥ ደግሞ አያዋጣም። በዚህ የሚጎዳው የመጀመሪያ ቤቱን የሚፈልገው ሰው ነው፤ ያናድደኛል። ደስ የሚለው፣ ገደቡን የሚያላሉ ግዛቶችና ከተሞች አሉ። ለገዢ የሚያቀርቡት ግን ይለያያል።

ሂዩስተን ላይ ቤቱ አሁኑኑ አለ። ከተማዋ በ1998 በሉፕ 610 (መሀል ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና) ውስጥ ዝቅተኛውን የቦታ ስፋት ከ5,000 እስከ 1,400 ስኩዌር ፊት (130 ካሬ ሜትር ገደማ) ድረስ እንዲወርድ ፈቀደች። በ2013 ደንቡን ወደ ቀረው ከተማ አሰፋችው። ስለዚህ አዲስም ያገለገለም ታውንሃውስ (ጠባብ ቦታ ላይ ከጎረቤት ጋር ተጠጋግቶ የሚሠራ ባለ ፎቅ ቤት) አማርጦ ማየት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ያለው መሬትም የገዢው ነው፤ ከኮንዶ የምመርጠው ለዚህ ነው። ችግሩ ደረጃው ነው። ብዙዎቹ ባለ ሦስት ፎቅ ስለሆኑ አቅመ ደካማ ወላጅ አብሮ ለሚኖርበት ቤተሰብ አይመከሩም። ጎርፍም አለ፤ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት የጎርፍ ካርታውን ይዩ፣ የኢንሹራንሱንም ዋጋ ያስጠይቁ።

በሌሎቹ የቴክሳስ ትልልቅ ከተሞች ኤስቢ 15 የተባለው ሕግ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይሠራል። ከተማው ከ3,000 ስኩዌር ፊት (280 ካሬ ሜትር ገደማ) የሚበልጥ ቦታ ማስገደድ አይችልም። የሚመለከተው ግን 5 ኤከር (2 ሄክታር ገደማ) እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ገና ያልተሸነሸነ መሬትን ነው። እንዲህ ያለ መሬት ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው ከተማ ዳር ነው። መጠበቅ ለሚችልና የመኪና መንገድ ለማይሰለቸው ይሆናል። ሕጉ የኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ደንብን አይሽርም።

ኦሪገን በ2019 በነባር ሰፈሮች ዱፕሌክስ (ሁለት መኖሪያ ያለው ቤት) እንዲሠራ፣ በትልልቆቹ ከተሞች ደግሞ ታውንሃውስና በአንድ ግቢ የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች እንዲፈቀዱ ደነገገች። በ2021 የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ቤት ከነመሬቱ ተነጥሎ እንዲሸጥ በር ከፈተ። ትምህርት ቤትና አውቶቡስ ቅርብ እንዲሆንለት ለሚፈልግ ከሦስቱ ይህን አስቀድማለሁ።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ከመፈረምዎ በፊት ወኪልዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ መሬቱ በስሜ ይመዘገባል ወይ? የጋራ መግቢያውን ማን ያድሳል?