ተንደርበርድን ለወራት ተጠቀምኩበት፤ የሚያስቸግረው ጎረቤቱ ነው

የቢሮ ኢሜይሌን በተንደርበርድ መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። በጣም ወድጄዋለሁ። በተጠቃሚዎች መዋጮ የሚተዳደር ነጻ የኢሜይል ፕሮግራም ነው፤ ሁሉንም አካውንቶቼን በአንድ መስኮት ያሳየኛል። ደብዳቤዎቹ ኮምፒውተሬ ላይ ስለሚቀመጡ ኔትወርክ ሲጠፋ እንኳን የዓምና ደረሰኝ ፈልጌ አገኛለሁ። እዚህ አገር ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 115ኛ ቅጂ መልኩ ተቀይሯል። እኔ ግን ደብዳቤዎቹን በሠንጠረዥ የሚደረድረውን የድሮውን አቀማመጥ መርጫለሁ።

ችግር የመጣው ሌላ ፕሮግራም ስጭን ነው። አንድ አንቲቫይረስ ኢንስቶል አደረግኩ፤ ከዚያ በኋላ ኢሜይል አይገባም፣ አይወጣም። ያው አካውንት በብራውዘር ግን በደንብ ይሠራል። ተንደርበርድ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ከፍቼ ሰርቲፊኬቱን (የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ማስረጃ) ማን እንደሰጠው አየሁ። የአንቲቫይረሱ ስም ተጽፏል! ያኔ ነገሩ ገባኝ። አንቲቫይረሱ የተመሰጠረውን ኢሜይል ለመፈተሽ ከሰርቨሩ ጋር በመሀል ገብቶ የራሱን ሰርቲፊኬት ያቀርባል። ዊንዶውስ ይቀበለዋል፤ ተንደርበርድ ግን የሚያምናቸው የሰርቲፊኬት ሰጪዎች የራሱ ዝርዝር አለው፤ እዚያ ስላላገኘው አላሳለፈውም። ትክክልም ነው። «ፍቀድ» የሚለውን ተጭኖ ማለፍ ይቻላል፣ እኔ ግን አልመክርም። አንቲቫይረሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የኢሜይል ፍተሻውን ብቻ አጠፋሁ። የፋይል ጥበቃው እንደበራ ነው፤ አባሪ ፋይል ስከፍት አሁንም ይፈትሻል። ኢሜይሉም ወዲያው መግባት ጀመረ።

ከዚህ የባሰ የሚያሰጋኝ ሌላ አለ። ተንደርበርድ በተለመደው አሠራሩ የአንድ ፎልደር ደብዳቤዎችን በሙሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል። አንቲቫይረስ አንድ መጥፎ አባሪ አገኘሁ ብሎ ያንን ፋይል ካነሳው ኢንቦክሱ እንዳለ ይሄዳል። ስለዚህ የፕሮፋይል ፎልደሩን፣ ማለትም ተንደርበርድ ደብዳቤዎቹንና ሴቲንጎቹን የሚያስቀምጥበትን፣ ከፍተሻ ውጪ አድርጌዋለሁ።

ኢሜይል እምቢ ሲል ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ብዙ ሰው የሚቸኩልበት ነገር ነው። የሥራ ባልደረባዬ ኮምፒውተር ላይ ባለሙያው ሲ ድራይቭ ሞልቷል ብሎ ዲ ላይ ጫነላት። ሲከፈት ባዶ! ደብዳቤዎቿ ወደ ኮምፒውተሯ ከወረዱ በኋላ ከሰርቨሩ የሚጠፉ ዓይነት ስለነበሩ መልሶ የሚያመጣቸው የለም ብላ ደነገጠች። «አይዞሽ፣ የትም አልሄዱም» አልኳት። ከ68ኛው ቅጂ ወዲህ ተንደርበርድ ሌላ ቦታ ሲጫን አዲስ ፕሮፋይል ይከፍታል፤ የድሮውን አይነካም። ሄልፕ ውስጥ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን ከሚለው ገጽ ወደ ፕሮፋይሎቹ ዝርዝር ገባን፤ የድሮውን ዋና አድርገን ስንከፍተው ሁሉም በቦታው ነበር።

የማልወድለት ብዙ ደብዳቤ ሲያወርድ አሮጌውን ላፕቶፔን ማዘግየቱን ነው። ያም ሆኖ አልቀይረውም። አዲስ ነገር ከመጫኔ በፊት ተንደርበርድን ዘግቼ የፕሮፋይል ፎልደሩን ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ።