በፒያሳ የሚጋገረው የፈረንሳይ ዳቦ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት ዳቦ ቤቶች አንዱ፣ ከተለመደው ፉርኖ ጎን ባጌት የሚባለውን ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ መጋገር ጀምሯል። ዳቦው ጥሩ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዳቦውን ከነልማዱ ብንቀበለው የምናገኘው ጥቅም ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ድንጋጌ መሠረት፣ «የፈረንሳይ ባህላዊ ዳቦ» ተብሎ የሚሸጥ ዳቦ በዋናነት ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከጨውና ከእርሾ ይሠራል፤ ማቆያ ኬሚካል አይጨመርበትም፣ ሊጡንም በበረዶ ማቆየት ክልክል ነው። ቅባትም ሆነ ማቆያ ስለሌለው በማግስቱ ይደርቃል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው በየቀኑ ወደ ሰፈሩ ዳቦ ቤት ጎራ ብሎ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይገዛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 የባጌትን አሠራርና ባህል፣ ጥምቀታችን ከ2019 ጀምሮ በሰፈረበት የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያካተተውም ከሙያው ጋር ይህን ልማድ ጭምር ተመልክቶ ነው። እኛ ግን የሦስት ቀን ዳቦ በአንድ ጊዜ ገዝተን በፌስታል ቋጥረን እናስቀምጥና ሲሻግት እናዝናለን።

የፒያሳው ዳቦ ቤት ሊጡን እዚያው አቡክቶ እዚያው ይጋግራል። ዳቦው ሲቆረስ ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ መጠናቸው የተለያየ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሳይቸኩሉ ያቦኩት ሊጥ የሚሰጠው ለስላሳ የእርሾ ሽታም ይሸታል። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለማይገባበት ረቡዕና ዓርብ ከምስር ወጥ ጋር ያለ ሐሳብ ይበላል፤ ፈረንሳዮችም ቢሆኑ የሳህናቸውን ስጎ ጠርገው የሚበሉት በዚሁ ዳቦ ነው።

ጉድለቱ አያያዙ ላይ ነው። ከምድጃ የወጣውን ትኩስ ዳቦ በፌስታል ስለሚያስሩት፣ እንፋሎቱ ታፍኖ ያ ሁሉ የተደከመበት ቅርፊት ቤት ሳይደርስ ይልማል። በወረቀት እንዲጠቀልሉት ብጠይቅ ሻጯ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ በወረቀት ስንሰጥ ደንበኛ ይቀየመናል» አለችኝ። ደንበኛ የሚቀየመው ምክንያቱ ስላልተነገረው ይመስለኛል፤ ሁለት መስመር ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ይበቃል። ከሰዓት በኋላ የሚሸጠውም የጠዋቱ ትራፊ ነው፤ ዋጋው ግን አይቀንስም። ሠራተኛ ከቢሮ በሚወጣበት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚደርስ ሁለተኛ ዙር ቢጋግሩ ገዢ አያጡም። እስከዚያው ድረስ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ጨርቅ ይዞ መሄድ ይሻላል።