ዚርኮኒያ ወይስ ሴሪያ? ለአራት ኪሎና ለአምስት ኪሎ ላቦች የሚሆን ኤሌክትሮላይት

ለጠጣር ኦክሳይድ ነዳጅ ሴል (ከሃይድሮጅንና ከአየር ኤሌክትሪክ ለሚያመነጭ የሴራሚክ መሣሪያ) ኤሌክትሮላይት፣ ማለትም አዮን የሚያሳልፈውን የመሃል ንጣፍ፣ ሊገዛ ፕሮፎርማ የሚሰበስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው የአዮን (ኤሌክትሪክ የተሸከመ አተም) ማስተላለፍ አቅምን ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ፈርነሱ (የማሞቂያ ምድጃው) 800 ዲግሪ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ሴሉ ይተርፋል?

8 ሞል በመቶ ኢትሪያ (የኢትሪየም ኦክሳይድ) ያለው ዚርኮኒያ (የዚርኮኒየም ኦክሳይድ) የተፈተነ ነው። ሁለት የኢትሪየም አተሞች በዚርኮኒየም ቦታ ሲገቡ በክሪስታሉ ውስጥ አንድ የኦክስጅን ቦታ ባዶ ይቀራል፤ ኦክሳይድ አዮኑ በእነዚህ ባዶ ቦታዎች እየዘለለ ያልፋል። ኢትሪያ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት ግን አይደለም፤ ከ8 ሲያልፍ ባዶ ቦታዎቹ ከኢትሪየሙ ጋር እየተቆራኙ አዮኑ ይዘገያል። በ800 ዲግሪ የማስተላለፍ አቅሙ 0.03 ሲመንስ በሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 150 ማይክሮን ውፍረት ያለው ገበታ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 0.5 ኦም መቋቋም (ሬዚስታንስ) ሲይዝ፣ 10 ማይክሮኑ 0.03 ብቻ ይይዛል።

ቁጥሩ 10 ማይክሮኑን ያስመርጣል፤ እኛ ግን አንመክረውም። ያ ስስ ሽፋን ራሱን ስለማይችል በወፍራም የኒኬል አኖድ (ሃይድሮጅን በሚነካው ኤሌክትሮድ) ላይ ይቀመጣል። አብዛኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጋዝ መቆጣጠሪያ መብራት ሲጠፋ ይዘጋል። ሃይድሮጅኑ ሲቋረጥ አየር ይገባል፤ ኒኬሉ ወደ ኦክሳይድ ሲመለስ የኒኬሉ ይዘት (ቮልዩም) 70 በመቶ ያህል ያብጣል፣ ሽፋኑም ይሰነጠቃል። በራሱ የሚቆም 150 ማይክሮን ይግዙ። 5 በመቶ ሃይድሮጅን በናይትሮጅን የያዘ ሲሊንደርም በእጅ በሚከፈት ቫልቭ ተጠባባቂ አድርገው ያገናኙ። 3 ሞል በመቶ ኢትሪያ ያለው ዚርኮኒያ ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ አዮን የሚያስተላልፈው ግን ከ8ቱ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ጋዶሊኒየም የገባበት ሴሪያ (የሴሪየም ኦክሳይድ) በ600 ዲግሪ ይሠራል፤ ፈርነሱ ይቀልለዋል። ችግሩ ሃይድሮጅን በሚነካው በኩል ሴሪየሙ ኤሌክትሮን ስለሚቀበል፣ ኤሌክትሮን በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ማለፍ መጀመሩ ነው። የሚጠበቀው 1.1 ቮልት ወደ 0.9 አካባቢ ይወርዳል። ለብቻው ኤሌክትሮላይት ከማድረግ ይልቅ ስትሮንሺየም ባለው ካቶድ (አየር በሚነካው ኤሌክትሮድ) እና በዚርኮኒያው መካከል እንደ መከላከያ ሽፋን ቢገዛ ዋጋውን ያወጣል። ከ1300 ዲግሪ በላይ ግን አብረው አይተኮሱ፤ ሁለቱ ተቀላቅለው አዮን በደንብ የማያሳልፍ ድብልቅ ይሆናሉ።

ስካንዲያ (የስካንዲየም ኦክሳይድ) ያለው ዚርኮኒያ ከሁሉም ዚርኮኒያዎች በላይ ያስተላልፋል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሌላው የኤሌክትሮላይት ሴራሚክ፣ ላንታነም ጋሌት፣ ከኒኬል ጋር ስለሚዋሃድ ለጀማሪ ላብ አይሆንም።

የሴሉ ቮልቴጅ በሻጩ ከተጻፈው 20 ሚሊቮልት ቢያንስ ሻጩን አይውቀሱ። እዚህ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ያለፈ ሃይድሮጅን ከ3 በመቶ ይልቅ 4 በመቶ እንፋሎት ይይዛል፣ ኦክስጅኑም ይሳሳል። ሃይድሮጅኑ የሚያልፍበትን የውሃ ጠርሙስ 20 ዲግሪ ላይ ያቆዩት፤ 3 በመቶው ይመለሳል።

ፕሮፎርማው ላይ ጥግግቱ ምንም ክፍተት ከሌለው ቁስ ጥግግት ከ95 በመቶ በላይ መሆኑ በጽሑፍ ይስፈር። ዕቃው ሲደርስ በአልኮል የቀጠነ ቀለም አንድ ጠብታ ገበታው ላይ ያሳርፉና ከሥሩ ነጭ ወረቀት ያድርጉ፤ ቀለሙ ወረቀቱን ከነካው መልሱት።